አሞሌን ያወጣው ገበሬ

ላፍቶ አካባቢ በግ የሚያደልብ ሰው ከፉርሽካው ጋር አሞሌ ጨው ይገዛል። ለወጥ የሚሆነው ጨው በላስቲክ የታሸገው ነው፤ አሞሌ ከሰው ማዕድ ወርዶ የከብት ሆኗል። በ1512 ዓ.ም. አገራችን የገባው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግን ይህን ጨው በየገበያው ገንዘብ ሆኖ አግኝቶታል፤ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ካስቀረጹ በኋላም አሞሌ ወዲያው ከገበያ አልወጣም።

ስለ አሞሌ ገንዘብነት ብዙ ተጽፏል። ያወጡትና ያጓጓዙት ግን ከግርጌ ማስታወሻ አላለፉም፤ ይህ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ በትግራይ የአጽቢ ገበሬ ነው። ክረምቱን ገብስና ስንዴውን ያርሳል፤ መኸሩን ሰብስቦ ገለባውን ከከመረ በኋላ ጨው ሊጭን ግመሉን እየነዳ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። እንዲህ ያለው የጨው ነጋዴ አርሆ ይባላል። ከገለባው ለግመሉ ይዞ ይሄዳል፤ ታች ሳር የለም። ስንቁ ቡርኩታ ነው፦ ድንጋይ በእሳት ይግልና ሊጡ ይለበጥበታል፤ ከዚያ ፍም ላይ ሲጋገር ውስጡም ውጪውም ይበስላል።

የሚደርስበት የዳሎል ጨው ሜዳ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ሥራው በማለዳ ይጀመራል፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ አያሠራም። ፎኮሎ የሚባሉት ቆፋሪዎች ቅርፊቱን በመጥረቢያ ሰንጥቀው ረጃጅም እንጨት ከሥሩ ያስገቡና ተባብረው ይፈነቅሉታል። ሐደሊ የሚባለው ጠራቢ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ የተፈነቀለውን እየጠረበ አራት ማዕዘን ያወጣለታል። መለኪያው ዓይኑ ብቻ ነው፤ ሆኖም ጨዉ ግመል ላይ ሲደረደር አንዱ ካንዱ እምብዛም አይበልጥም። በዚህ ሥራ ላይ አፋሮችና ከደጋ የወረዱ የትግራይ ሰዎች ጎን ለጎን ይውላሉ።

የገበሬው ትርፍ ግን የላቡን ያህል አልነበረም። በጨው ንግዱ ላይ የሚሾመው ባለሥልጣን ባልጋዳ ይባል ነበር። የአፄ ዮሐንስ 4ኛ አጎት፣ ኋላ ራስ የተባሉት አርአያ ድምጹ፣ ይህን ማዕረግ ይዘው ነበር። ቀረጡ እዚያው መንገድ ላይ ይሰበሰብ ነበር፤ ገበሬው በማሳው ገብሮ ሲያበቃ በጨዉም ይገብር ነበር። ገንዘቡን በገዛ እጁ ከመሬት ፈንቅሎ የሚያወጣ ሰው ድሃ ሆኖ መኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን መንገዱ ተሠርቶ የጭነት መኪና እስከ ሜዳው ይደርሳል። ግመሎቹም ሸክማቸውን በርሃሌ ከተማ ላይ ያራግፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት የሚወጣው መኪና ነው።