ወደ ምሥራቅ የተኙት
(ስለ ዳጋ እስጢፋኖስ ነገሥታትና ስለ ትንሣኤ ተስፋ)

ባለፈው ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛችንን ቀብረናል። ስሙን እዚህ አንጽፍም፤ የምናውቀው እናውቀዋለን። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመን ሳለ አንድ አዛውንት ቀባሪዎቹን፣ «እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጉት እንጂ! ሲነሣ ፊቱ ወደ ጌታው እንዲሆን» ብለው ተቆጡ። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ነን፤ ስለ ሞት ያላነበብነው የለም። በዚያች ሰዓት ግን አንዳችንም የምንናገረው አልነበረንም። እሳቸው «ሲነሣ» ነው ያሉት፤ «ቢነሣ» አላሉም።

ዳጋ ድረስ የወሰደችን ይህች ቃል ናት። በሌሊት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሥተን፣ ደንገል የሞላውን ዳርቻ ትተን ወደ ደቅ አቅጣጫ ቀዘፍን። ዳጋ ከደቅ አጠገብ ያለች፣ ደን የለበሰች ገደላማ ደሴት ናት። ሴት ስለማይገባባት እህቶቻችን ከታች ጀልባው ውስጥ ቀሩ፤ እኛ ዳገቱን ወጣን።

በገዳሙ ዕቃ ቤት ውስጥ የነገሥታት ዐፅም በሣጥን ተቀምጧል። የሰሎሞንን ሥርወ መንግሥት መለሰ የሚባለው ይኩኖ አምላክ (1270–1285 እ.ኤ.አ.)፣ ዐፄ ዳዊት፣ የዳዊት ልጅ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468)፣ በ1604 በደምቢያ ጦር ሜዳ የወደቀው ዘድንግል፣ ጎንደርን የቆረቆረው ፋሲል (1632–1667) እዚያ ናቸው። ሬሳ ማቆየት የግብፅ ፈርዖኖችም ያደርጉት ነበር። ነገር ግን ፈርዖን ለወዲያኛው ዓለም ስንቁን፣ ጌጡንና ዕቃውን ይዞ ነበር የሚቀበር። የዳጋው ንጉሥ ስንቅ አልያዘም። የሚፈልገው የመነኮሳትን ጸሎት ነው። ሠራዊት ያዘዘ፣ ርስት የሰጠና የነሣ ሰው፣ ሲሞት ለራሱ ፍትሐት መፍታት አይችልም። እንደ ማንኛውም ገባር ይገነዛል፤ አውራ ጣቶቹ ይታሰራሉ፤ ጉልተኛ ይሁን ጭሰኛ፣ የግንዘቱ ሥርዓት አንድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚያጽናና ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ሣጥን ፊት ስንቆም ግን ከመካከላችን አንዱ፣ «ቆይ፣ ይሄ ቤት የማን ስም ነው?» አለ። የእስጢፋኖስ ነዋ! በድንጋይ ተወግሮ የሞተው የመጀመሪያው ሰማዕት። ዘርዓ ያዕቆብስ ማን ነው? ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት ያስወገረ ንጉሥ ነው። እነዚህ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸው፣ በስግደትም ጉዳይ ከቤተ መንግሥቱ ሥርዓት በመለየታቸው መናፍቃን ተባሉ፤ ተገረፉ፤ ተሰደዱ፤ ተገደሉ። ከውግራቱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ ሲባል ንጉሡ «እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደው» ብሎ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው ይባላል። የተወገሩት ወገኖች ግን ገድላቸውን ጽፈው አቆይተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰውልን ዛሬ እናነበዋለን።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አስወጋሪውም ተወጋሪውም የሞቱት በአንድ ተስፋ ነው። ሁለቱም ሙታን ይነሣሉ ብለው ያምኑ ነበር። ታዲያ በዚያች ቀን አንዱ ከዳጋ፣ ሌላው ማንም ከማያውቀው ጉድጓድ ሲነሡ ምን ይነጋገሩ ይሆን? የትንሣኤ ተስፋ ማጽናኛ ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ጥያቄ አላሰበበትም። መነሣት መጠየቅም ነው። ነገሥታቱ ከሞቱ በኋላ ከመነኮሳት ጉያ እንዲያርፉ የተፈለገው በተስፋ ብቻ ሳይሆን በፍርሃትም ጭምር ይመስለናል።

የፋሲልም ሣጥን ዝም አያሰኝም። አባቱ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በአዋጅ ካስገባ በኋላ አገር ታመሰ። በ1632 ከጣና ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት 8,000 ያህል ሰው አለቀ፤ አብዛኛው ገበሬ ነበር። ንጉሡ ድል አድርጎ ሳለ፣ የወደቁት የገዛ ወገኖቹ መሆናቸውን አይቶ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሰ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለቀቀ። ፋሲል ዳጋ ላይ ሣጥን አለው። ከጎኑ ሕፃን ልጁ አብሮ እንደተኛም ይነገራል። ስምንት ሺው ግን ሣጥን የለውም።

ስንወርድ አንድ መነኩሴ ሸኙን። ሞትን ይፈሩ እንደሆነ ጠየቅናቸው። ሳቅ ብለው፣ «እኔማ ሞቻለሁ ልጆቼ። ስመነኩስ ተገንዤ፣ ፍትሐት ተፈትቶልኛል። የቀረኝ መነሣት ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ የምንኩስና ሥርዓት ሰውን በቁሙ ይቀብራል። ንጉሡ ሞትን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያቆየዋል፤ መነኩሴው አስቀድሞ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ዕድሜ ለሌላ ሰው መጸለያ ነው።

ጀልባው ላይ ስንደርስ ከእህቶቻችን አንዷ፣ «እህ፣ እነማንን አያችሁ?» አለችን።

«ነገሥታቱን።»

«የተወገሩትንስ?»

መልስ አልነበረንም። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ብዙ አልተነጋገርንም። ከኛ መካከል የሚያምንም አለ፣ የሚጠራጠርም አለ፤ አንዋሽም። ነገር ግን ይህ እምነት በጣና ዳርቻ ሰውን ለሰባት መቶ ዓመት እንዴት እንዳኖረና እንዴት እንዳሟሟተ ሳያዩ ታሪካችንን አውቃለሁ ማለት አይቻልም። ንጉሡንና ያስገደለውን ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ዳኛ ፊት የሚያቆም ሌላ ችሎት ያ ዘመን አልነበረውም።

የፊታችን ወር የጓደኛችን ሙት ዓመት ነው። እናቱ ዝክር ደግሰዋል፤ «ሁላችሁም ኑልኝ» ብለዋል። የሚያምነውም የሚጠራጠረውም እንሄዳለን። እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው፤ እኛም ሐውልቱ አጠገብ ስንቆም በዚያው አቅጣጫ እንቆማለን።