የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶች አጠባበቅ ታሪክ፤ ስለ «ሎክስ» አጭር ጥናት

በወረቀት የታተመ የምርምር መጽሔት ለብዙ ዘመን ተጠብቆ የኖረው ሰው አስቦ ባቀደው ዘዴ አይደለም። አንድ ቤተ መጻሕፍት ዋጋውን ከፍሎ መጽሔቱን ሲገዛ ቅጂው የራሱ ንብረት ሆኖ በመደርደሪያው ይቀመጣል፤ አሳታሚው ቢከስር ወይም አንዱ ቤተ መጻሕፍት ቢቃጠል ያው ጽሑፍ በሌላ ከተማ ይገኛል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ በግእዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ስለ ኖረ እንጂ በአንድ ጽኑ ግምጃ ቤት ስለ ተቆለፈበት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ መጽሔቶች ወደ ኮምፒዩተር በተዛወሩ ጊዜ ይህ የቅጂ ብዛት እንዴት እንደ ቀረና መልሶ ለማግኘትም ምን እንደ ተሞከረ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1995 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት «ሃይዋየር ፕሬስ» የተባለውን ክፍል አቋቁሞ የሳይንስ መጽሔቶችን በኢንተርኔት ማውጣት ጀመረ። ሌሎችም አሳታሚዎች በዚሁ መንገድ ተከተሉ። አንባቢው ተደሰተ፤ ይሁን እንጂ ቤተ መጻሕፍቱ ከዚያ በኋላ የሚከፍለው ለቅጂው ሳይሆን፣ በአሳታሚው ማሽን ላይ ያለውን ለማንበብ ለሚሰጠው ፈቃድ ሆነ። ባለርስት የነበረው ጭሰኛ ሆነ ማለት ነው። ክፍያውን ባቋረጠ ጊዜ፣ ቀድሞ የከፈለባቸው ያለፉት ዓመታት እትሞች ጭምር ሊዘጉበት ይችላሉ።

ይህን ጉድለት አስቀድመው ከተረዱት አንዷ በዚያው በሃይዋየር ይሠሩ የነበሩት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቪክቶሪያ ራይክ ናቸው። እርሳቸውና የኮምፒዩተር መሐንዲሱ ዴቪድ ሮዘንታል በ1999 ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ባገኙት አነስተኛ ገንዘብ ሥራውን ጀመሩ። የፕሮግራሙ ስም «ሎክስ» ተባለ፤ ይኸውም «ብዙ ቅጂ ነገርን ከጥፋት ይጠብቃል» ከሚል የእንግሊዝኛ አባባል የፊደላት መጀመሪያ የተገኘ ነው። ስሙ ሲጠራ ቁልፍ ያስመስለዋል፤ ሥራው ግን የቁልፍ ተቃራኒ ነው።

አሠራሩን ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብናየው ይጠቅማል። እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ዋጋው ቀላል የሆነ ተራ ኮምፒዩተር ያቆማል፤ ኮምፒዩተሩም አሳታሚው በጽሑፍ በሰጠው ፈቃድ መጽሔቱን እየሰበሰበ ያከማቻል። ከዚያ በኋላ ማሽኖቹ እርስ በርሳቸው ድምፅ ይሰጣሉ። ከጽሑፉ በሒሳብ ስሌት የሚወጣ፣ እንደ ማኅተም ያለ ቁጥር አለ፤ አንዱ ማሽን ሲጠይቅ ሌሎቹ ከየራሳቸው ቅጂ ያወጡትን ቁጥር ይልካሉ። ከብዙዎቹ የተለየ ቅጂ ያለው ማሽን ቅጂው እንደ ተበላሸ ይቈጠርና ከአሳታሚው ወይም ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ወስዶ ያርማል። የሚሰጠውም ማሽን ቢሆን ጠያቂው ያንኑ ጽሑፍ ቀድሞ እንደ ነበረው ካላረጋገጠ በቀር አይሰጥም፤ አለዚያ ጥበቃው የስርቆት መንገድ በሆነ ነበር። ይህ ሁሉ ሆን ተብሎ በዝግታ ይከናወናል፤ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ቅጂዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊለውጣቸው እንዳይችል ነው። ዝግታን እንደ ጥበብ የሚቈጥር የኮምፒዩተር ሥራ ብዙ አላየንም።

አንድ ትልቅ ማከማቻ ይበቃል የሚል ሐሳብም ነበረ። በ2002 ኤልሴቪየር የተባለው አሳታሚ የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶቹን ለኔዘርላንድስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለማስቀመጥ ተስማማ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጽኑ ነገር እንደ ሆነ አንክድም፤ ነገር ግን የመንግሥት በጀት በየዓመቱ የሚወሰን ሲሆን ጽሑፉ የሚፈለገው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱን ያስታረቀው በ2006 በአሳታሚዎችና በቤተ መጻሕፍት ኅብረት የተመሠረተው «ክሎክስ» ነው። ይህም በሎክስ ዘዴ በተለያዩ አህጉራት በሚገኙ 12 ቦታዎች ቅጂዎችን ዘግቶ ያስቀምጣል፤ መጽሔቱ ከማንኛውም አሳታሚ የማይገኝ ሲሆን ግን ለሁሉ በነጻ ይከፍተዋል። እስከ 2003 ታትሞ የቆመው፣ ስለ አካል ክፍሎች ንቅለ ተከላ ይጽፍ የነበረው «ግራፍት» የተባለ መጽሔት በ2008 በዚህ መንገድ ተከፍቷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የተጠበቀው በመጀመሪያ የባለ ገንዘቡ ጽሑፍ ነው። ላክሶ፣ ማቲያስና ያን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ውስጥ 174 በነጻ የሚነበቡ መጽሔቶች ከኢንተርኔት ጠፍተው አገኙ። ማርቲን ኢቭ በ2024 ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን መርምረው 28 በመቶ ያህሉን በታወቁት ማከማቻዎች ውስጥ አላገኟቸውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚጐዱትም ትንንሾቹ አሳታሚዎች ናቸው። መምህራንና ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚያዘጋጁት እንደዚህ ያለ መጽሔት ማለት ነው። አዘጋጁ ተመርቆ ሲሄድ፣ ወይም ለድረ ገጹ ስም የሚከፈለው ዓመታዊ ገንዘብ ሲዘነጋ፣ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ጢስ እንኳ አይታይም።

ለእነዚህ መጽሔቶች የተከፈተ አንድ መንገድ አለ። «ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ» በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚሠራ መጽሔት በሎክስ ዘዴ ወደሚጠብቀው የ«ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት» ማኅበር ያለ ክፍያ ሊገባ ይችላል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከሚወጡት መጽሔቶችም በዚህ ፕሮግራም የሚሠሩ አሉ። የሚፈለገው የመጽሔት መለያ ቁጥር፣ ቢያንስ አንድ የታተመ ጽሑፍና የአዘጋጁ ስምምነት ነው፤ አዘጋጁ ካልተስማማ ግን ማንም ቅጂውን አይወስድለትም። አንድ መጽሔት በየትኛው ማከማቻ እንደ ተጠበቀ የሚያሳየው መዝገብ ከ2019 ጀምሮ ፓሪስ በሚገኘው የመጽሔት መለያ ቁጥር ማእከል ተይዟል፤ የመጽሔቱን ቁጥር የያዘ ተማሪ ሁሉ በነጻ ሊመረምረው ይችላል።