የተዘጋው በርና ሰባራው ድልድይ

ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በሩን ለባዕድ መቼ እንደ ከፈተና መቼ እንደ ዘጋ የሚመሰክሩ ሁለት የድንጋይ ሥራዎች ከመንገዱ ርቀው መቆማቸውን ልብ ሳይል ያልፋል። አንደኛው በእነብሴ የምትገኘው መርጡለ ማርያም ስትሆን፣ ሁለተኛው ከሞጣ ወዲያ በዐባይ ሸለቆ ውስጥ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው።

መርጡለ ማርያምን ያሳነጸችው ንግሥት እሌኒ፣ የሐድያ ገዥ ልጅ ሆና በክርስቲያን ነገሥታት ቤት ያረጀች፣ ሕፃኑን ልብነ ድንግልን በሞግዚትነት ያቆመች አስተዋይ ሴት ነበረች። የቀይ ባሕር ዳርቻ በቱርክ እጅ ሊወድቅ መሆኑን ከሌሎች አስቀድማ ስለ ተረዳች፣ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች፤ እርሱም ብዙ መከራ አይቶ በ1506 ዓ.ም. ሊዝቦን ገባ። የዚያ ዘር ፍሬ የታየው እርሷ ካረፈች በኋላ፣ በ1533 ዓ.ም. ፖርቱጋላዊው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ለእርዳታ 400 ነፍጠኞች ይዞ ምጽዋ በወረደ ጊዜ ነው።

ነገር ግን በወዳጅነት የተከፈተው በር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሃይማኖተ አበውን የሚለውጥ ትእዛዝ አስገባ። አፄ ሱስንዮስ በ1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ለሮም ታዛዥነታቸውን በመሐላ ሲያጸኑ፣ ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፣ ሕዝቡም ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ የቅዳሜ ሰንበትም እንዲሻር አዘዘ፤ እሌኒ ባሳነጸችው በመርጡለ ማርያም ቅጥር እንኳ ኢየሱሳውያን የተባሉት የሮም ካህናት የራሳቸውን ሕንፃ አቆሙ። ከዚያ የተከተለው ወንድም ወንድሙን የገደለበት ዘመን ስለ ነበረ፣ ንጉሡ ራሳቸው በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ አባቶቹ ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

አፄ ፋሲለደስ በሩን ዘጉ፤ ይህ የታወቀ ነው። ሜንዴዝን ከነካህናቱ አባረሩ፤ የምጽዋና የሱዋኪን ቱርካውያን ሹማምንትም ከሮም የሚመጣውን ካህን እንዳያሳልፉ ተስማሙ። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው አገሪቱ ከዓለም ተለይታ ተኛች ይላሉ። እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ ምክንያቱም እኚሁ ንጉሥ ለየመን ኢማም ደብዳቤ ጽፈው፣ በቀይ ባሕር ወደብ በበይሉል በኩል አዲስ የንግድ መንገድ ለመክፈት ተመኝተው፣ የኢማሙንም መልእክተኛ አል ሐይሚን በ1640 ዓ.ም. በጎንደር ተቀብለዋልና። የጠሉት እንግዳን ሳይሆን በእንግድነት ገብቶ የቤቱን ሥርዓት የሚያፈርሰውን ነው። ዋጋ አልተከፈለበትም ማለቴ ግን አይደለም፤ አውሮፓ መጽሐፍን በማተሚያ ሲያበዛ፣ የጎጃም ሊቃውንት ብራና እየፋቁ በእጃቸው ሲጽፉ መኖራቸው የዚያ መዘጋት ዕዳ ነው።

ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው፣ በሞጣ በኩል ያለው የዐባይ ድልድይ የተሠራውም በእነዚሁ በር ዘጊ በተባሉ ንጉሥ ዘመን መሆኑ እጅግ ያስደንቃል፤ በድንጋይና በኖራ ቅስት የመሥራቱ ጥበብ ባሕር ማዶ ካሉት ሰዎች የተገኘ ሲሆን፣ ሰዎቹ ቢሰደዱም ጥበባቸው በአገሩ ቀረ። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ኢጣልያ አገሩን በወረረች ጊዜ፣ አርበኛው በላይ ዘለቀ በቢቸና አውራጃ ጠላትን ዕረፍት ሲነሡት፣ በሞጣ በኩል ደግሞ ሌሎች አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገር የድልድዩን መካከለኛ ቅስት አፈረሱት። ለገበያ፣ ለክርስትናና ለለቅሶ የሚመላለሱበትን የገዛ ድልድያቸውን ማፍረስ ምን ያህል እንደ ከበዳቸው መገመት አያዳግትም፤ ልጆቻቸውም ከስድሳ ዓመት በላይ ከወዲህና ከወዲያ ሆነው መንገደኛውን በገመድ እየሳቡ በዐባይ ላይ ሲያሻግሩ ኖረዋል።

በኋላም ስብራቱ በውጭ በጎ አድራጊዎችና በአካባቢው ሰዎች ተጠገነ፤ በ1997 ዓ.ም. ዐባይ ሞልቶ ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. በአቅራቢያው በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ሌላ መሻገሪያ ተሠራ፤ የሞጣና የበጌምድር ሰውም በዚያ ይገናኝ ጀመር።