የጨረቃና የፕላኔቶች ምልከታ በጎንደር

የጨረቃና የፕላኔቶች ምልከታ በጎንደር ማለት በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ደጋዎች፣ በተለይም በቁስቋም አካባቢ፣ ከግቢ ወይም ከሜዳ ሆኖ በትንሽ ቴሌስኮፕ ጨረቃን፣ ጁፒተርን፣ ሳተርንን፣ ማርስንና ቬነስን መመልከት ነው። ለዚህ የሚመቹት ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያሉት የበጋ ሌሊቶች ናቸው። አካባቢው በሥነ ፈለክ ታሪክም ይታወቃል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጁፒተርን ጨረቃዎች ከጎንደር በቴሌስኮፕ እያየ የከተማዋን ኬንትሮስ ለክቷል።

ስያሜዎች

ፕላኔቶች በአማርኛ ሁለት ዓይነት ስም አላቸው። በትምህርት መጻሕፍት የሚገኙት ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጡ ናቸው። በቆዩ ጽሑፎች ደግሞ አጣርድ፣ ዘሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪና ዙሐል ይባላሉ፤ የእነዚህ ምንጭ ዐረብኛ ነው። ቬነስ ከንጋት በፊት በምሥራቅ ስትታይ ሕዝቡ የአጥቢያ ኮከብ ይላታል።

አቀማመጥና የአየር ሁኔታ

ጎንደር በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ በተራራ ግርጌ ያለ ደብር ነው። ቤተ ክርስቲያኑንና ከአጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ስሙ የተወሰደው በግብፅ ከሚገኘው፣ ቅድስት ድንግል ማርያም ከልጇ ጋር በስደት ካረፈችበት የቁስቋም ተራራ ነው። በዓሉ ኅዳር 6 ቀን ይከበራል፤ ከዚያ በፊት ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው ዘመነ ጽጌም ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ከሚጠራበት ወቅት ጋር ይገጥማል።

የቦታው አቀማመጥ ለፕላኔት ምልከታ በሦስት ምክንያት ይጠቅማል።

አንደኛው ኬክሮሱ ነው። ፕላኔቶች ፀሐይ በዓመት ውስጥ በምትሄድበት መንገድ አጠገብ ስለሚጓዙ፣ ከጎንደር ሲታዩ በሰማይ መካከል ሲያልፉ ከፍ ብለው ነው። በዚህ መንገድ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ያለ ፕላኔት እንኳ ከአድማስ 54 ዲግሪ ያህል ይወጣል። ያው ፕላኔት ከለንደን ሲታይ ከ15 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ፕላኔቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ብርሃኑ በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። በ2,100 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ከከባቢ አየሩ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ከተመልካቹ በታች ይቀራል።

ሦስተኛው ወቅቱ ነው። በበጋ ደመና የሌለባቸው ሌሊቶች ተከታትለው ይመጣሉ። በዚያው ወቅት ምሽት ላይ የሚወጣ የማገዶ ጭስና አቧራ ከአድማስ አጠገብ ያለውን ሰማይ ሊያደፈርስ ይችላል፤ ስለዚህ ፕላኔቱ ከፍ እስኪል መጠበቅ ይመረጣል።

ከከተማ ብርሃን ጋር በተያያዘ ጨረቃና ደማቅ ፕላኔቶች ከሌሎች የሰማይ አካላት ይለያሉ። የመንገድ መብራት ደብዛዛ ከዋክብትን ይሰውራል፤ ጁፒተርንና ሳተርንን ግን አይጎዳም። በከተማው መካከል ያለ ግቢም ለዚህ ይበቃል። ይልቅ ምስሉን የሚያበላሸው ቀን የሞቀ ቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ነው፤ ከላያቸው የሚነሣው ሙቅ አየር ፕላኔቱን እንደ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ያወዛውዘዋል። ሣር ወይም አፈር ላይ መቆም፣ በጣሪያ አናት አሻግሮ አለማየት ይሻላል።

ታሪክ

ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ሲሆን፣ ከከተማዋ የወጣው በታኅሣሥ 1771 ነው። በቤተ መንግሥት የነበሩ የፈንጣጣ በሽተኞችን በማከሙ የእቴጌ ምንትዋብን ሞገስ አግኝቶ በቁስቋም ተቀመጠ። ዋና ዓላማው የዓባይን ምንጭ ማየት ነበር፤ ወደ ግሽ ዓባይም እ.ኤ.አ. በ1770 ደርሷል። ነገር ግን በየደረሰበት የቦታዎችን አቀማመጥ በሰማይ ምልከታ ይለካ ነበር። ቀደም ሲል በሰሜን አፍሪካ ባሕር መርከብ ተሰብሮ መሣሪያዎቹን በማጣቱ፣ ከፈረንሣይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ኳድራንት የተባለ የማዕዘን መለኪያ ተሰጥቶት ነበር። ከዚህ ሌላ ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ ነበር።

ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የጎንደርን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ ኬንትሮሷን ደግሞ 37 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ብሎ አስፍሯል። ኬክሮሱን ያገኘው ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ፣ ኬንትሮሱን ያገኘው ከጁፒተር ጨረቃዎች፣ በተለይም ከመጀመሪያዋ ከአዮ ነው። ከዛሬው ልኬት ጋር ሲነጻጸር የኬክሮሱ ልዩነት 3 ኪሎ ሜትር፣ የኬንትሮሱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብሩስ አገሩ ሲመለስ ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን ብዙዎች እንደ ተረት ቆጥረውበት ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ግን ማንም ሰው መልሶ ሊለካቸው የሚችል ማስረጃ ናቸው።

ከእርሱ በኋላ አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሰሜን ኢትዮጵያ ለዓመታት ተዘዋውሮ ሰፊ የመሬት ልኬት ሥራ ሠርቷል።

ኬንትሮስ ከጁፒተር ጨረቃ እንዴት ይገኛል

ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ የሁለት ቦታዎች የፀሐይ ሰዓት ልዩነት ከታወቀ የኬንትሮስ ልዩነታቸውም ይታወቃል። በብሩስ ዘመን ስልክም ሬዲዮም ስላልነበረ፣ በሁለቱም ቦታ በአንድ ቅጽበት የሚታይ ምልክት ያስፈልግ ነበር። የአዮ ግርዶሽ ይህን ምልክት ይሰጣል። አዮ ጁፒተርን በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ በየዙሩም ወደ ጁፒተር ጥላ ገብታ ትጠፋለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ተመልካቹ አዮ የጠፋችበትን ወይም የታየችበትን ቅጽበት በአካባቢው ሰዓት ይመዘግባል። የአካባቢውን ሰዓት በፀሐይ ወይም በኮከብ ከፍታ ያስተካክላል።
2. ያው ግርዶሽ በግሪኒች ወይም በፓሪስ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሆን ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ ያያል፤ ወይም እዚያ ያለ ሰው ከመዘገበው ጋር በኋላ ያመሳክራል።
3. የሰዓቱን ልዩነት በ15 ያባዛል።

ብሩስ ያገኘው 37 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ከ2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ጋር እኩል ነው። የዛሬው ልኬት 2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ይሆናል። ስሕተቱ 20 ሰከንድ ብቻ ነበር ማለት ነው። አዮ ድንገት ሳይሆን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለች ስለምትደበዝዝ፣ የጠፋችበትን ሰከንድ መለየት ከባድ ነው። በመሆኑም ብዙ ግርዶሾችን መዝግቦ አማካይ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ብሩስም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የእነዚህ ግርዶሾች ምዝገባ ሌላም ውጤት አስገኝቷል። ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር እ.ኤ.አ. በ1676 ምድር ከጁፒተር ስትርቅ የአዮ ግርዶሽ እንደሚዘገይ፣ ስትቀርብም እንደሚቀድም በማስተዋሉ፣ ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚወስድ አሳይቷል።

መሣሪያ

ለጀማሪ የፊት ሌንሱ ስፋት ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ወይም መስታወቱ ከ114 እስከ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ይበቃል። የማጉላት መጠን የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት በዓይን ሌንሱ የትኩረት ርዝመት በማካፈል ነው። ለምሳሌ የትኩረት ርዝመቱ 700 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በ25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 28 ጊዜ፣ በ10 ሚሊ ሜትር ደግሞ 70 ጊዜ ያጎላል። ጠቃሚው ከፍተኛ ማጉላት በሚሊ ሜትር 2 ጊዜ ገደማ ስለሆነ፣ ባለ 70 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ከ140 ጊዜ በላይ ቢያጎላ ምስሉ ይሰፋል እንጂ ዝርዝር አይጨምርም። በካርቶን ላይ የሚጻፈው ትልቅ የማጉላት ቁጥር የጥራት መለኪያ አይደለም፤ የሚለካው የፊት ሌንሱ ወይም የመስታወቱ ስፋትና የማቆሚያው ጥንካሬ ነው።

ቴሌስኮፑ ከቤት ከወጣ በኋላ ከውጭው ብርድ ጋር እስኪስተካከል ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ፕላኔቱ በትክክል ከአናት ሲሆን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ማየት ስለሚያስቸግር፣ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ከፍታ ላይ እያለ ማየት ይመቻል።

የሚታዩ አካላት

ጨረቃ። ጨረቃን ለማየት የሚመረጠው ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ከ4 እስከ 10 ቀን ባላት ጊዜ ነው። በብርሃኑና በጨለማው ድንበር ላይ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ስለምታበራ ተራሮቹና ጉድጓዶቹ ረጅም ጥላ ይጥላሉ። 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ኮፐርኒከስና 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ታይኮ በትንሽ ቴሌስኮፕ በግልጽ ይታያሉ። በባለ 70 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ የሚለየው ትንሹ ዝርዝር 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎንደር ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በበጋው ምሽቶች አዲሷ ጨረቃ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ታንኳ ተንጋልላ ትታያለች። የጨረቃ ዑደት በባሕረ ሐሳብ ስሌትም ዋና ቦታ አለው፤ የጾምና የበዓል ቀኖች የሚወጡበት አበቅቴና መጥቅዕ በ19 ዓመት የጨረቃ ዑደት ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ጁፒተር። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች፣ አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ፣ በ20 ጊዜ ማጉላት እንደ ትናንሽ ነጠብጣቦች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ቦታቸው በየሌሊቱ ይለዋወጣል፤ ለተከታታይ ሌሊቶች በወረቀት ላይ መሳል ጥሩ ልምምድ ነው። በ70 ጊዜ ማጉላት ሁለት ጠቆር ያሉ ቀበቶዎች ይለያሉ።

ሳተርን። ቀለበቱ ከ30 ጊዜ ማጉላት ጀምሮ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ቀለበቱ በጎኑ ወደ ምድር ዞሮ እንደ ቀጭን መስመር ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየተከፈተ ነው። ሳተርን ለምድር ቀርቦ ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው መስከረም 24 ቀን 2019 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

ማርስ። በየ26 ወሩ ገደማ ለምድር ይቀርባል። ቀጣዩ ጊዜ የካቲት 12 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ጁፒተርም በዚያው የካቲት ወር መጀመሪያ ከፀሐይ ተቃራኒ ስለሚሆን፣ ሁለቱም እኩለ ሌሊት ገደማ ከጎንደር አናት አጠገብ ይታያሉ። ማርስ በዚህ ጊዜም ትንሽ ስለሆነ ዝርዝሩን ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቬነስ። እንደ ጨረቃ ትጎድላለች፣ ትሞላለች። በ2019 ዓ.ም. በጋ የአጥቢያ ኮከብ ሆና ከንጋት በፊት ትታያለች።

የጨረቃ ግርዶሽ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ በኢትዮጵያ ይታያል። የግርዶሹ መካከል ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ52 አካባቢ ነው፤ ይህን ያለ መሣሪያም ማየት ይቻላል።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠር

እንደ ስቴላሪየም ያሉ ነጻ የሰማይ ካርታ ፕሮግራሞች የአውሮፓን ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጠቀማሉ። የኢትዮጵያ ሰዓት ከግሪኒች በ3 ሰዓት ይቀድማል። ፕሮግራሙ 20፡00 ካለ 6 ቀንሶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የአውሮፓው ቀን እንደሚለወጥም ማስታወስ ያሻል፤ ይህ ሲረሳ ተመልካቹ በአንድ ሌሊት ተሳስቶ ግርዶሹ ያመልጠዋል።

ጥንቃቄ

ቴሌስኮፕን ወይም ባይኖኩላርን ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይንን በቅጽበት ለዘለቄታው ያሳውራል። ልጆች ባሉበት ግቢ መሣሪያው ቀን ውጭ ተቆሞ መተው የለበትም። በበጋ የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች በተወጣ ቁጥር ብርዱ ስለሚጠነክር ጋቢና ካፖርት ያስፈልጋል።

ሥነ ፈለክ በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በአዲስ አበባ እንጦጦ ተራራ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የያዘው የምልከታ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 ተመርቋል። በአማራ ክልል ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የታየው ቀለበታማ የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ በኩል አልፎ ነበር።

ከእነዚህ ማዕከሎች ርቆ ለሚገኝ ተማሪ የጁፒተር ጨረቃዎች ምዝገባ በትንሽ ወጪ ሊሠራ የሚችል እውነተኛ ልኬት ነው። የዛሬ ትንሽ ቴሌስኮፕና የስልክ ሰዓት ብሩስ በቁስቋም ሳለ የሠራውን ሥራ ለመድገም ይበቃሉ፤ ውጤቱም ከዛሬው ካርታ ጋር ወዲያው ሊመሳከር ይችላል።