ዱከምና የእሁድ ሽርሽር

ዱከም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በገላንና በቢሾፍቱ መካከል የምትገኝ የምሥራቅ ሸዋ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,950 ሜትር ያህል ነው። በሰሜን የየረር ተራራ ይታያታል፣ በደቡብ ደግሞ ዝቋላ። ሐይቅ የላትም፣ ፍል ውሃም የላትም። ቢሾፍቱ በሆራና በባቦጋያ ትታወቃለች፤ ሶደሬ በፍል ውሃው ይታወቃል፤ ላንጋኖ ልጅ የሚዋኝበት ሐይቅ ነው። የዱከም ሀብት መንገዱና ሥጋው ነው። ያም ሆኖ ልጆቹን ይዞ ለግማሽ ቀን ከአዲስ አበባ ወጣ የሚል ቤተሰብ መኪናውን ከሚያቆምባቸው ቦታዎች አንዷ ከሆነች ቆይታለች። ይህ ልማድ ሲታይ የቆየ ይምሰል እንጂ ከአውቶሞቢል በፊት አልነበረም።

ቤተሰብ ሕፃናት ይዞ በዚህ ሜዳ የሚጓዘው ቀድሞ ለንግሥና ለስለት ነበር። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል ለማክበር ወደ ዝቋላ የሚወጣው ሕዝብ፣ ከመስቀል በኋላ ለኢሬቻ ወደ ሆራ አርሰዲ የሚወርደውም፣ ልጁን አዝሎ ነው የሚሄደው። ሕፃኑ በአንቀልባ እናቱ ጀርባ ላይ ነው፤ ከፍ ያለው ልጅ በእግሩ ይከተላል፣ ሲደክመው አህያው ላይ ከስንቁ ጎን ይቀመጣል። ስንቁም በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ነው፤ ሳይበላሽ ለቀናት የሚቆይ፣ እሳት የማይፈልግ። ልጅን ለመዝናናት ብሎ መንገድ ማውጣት የሚባል ነገር አልነበረም። ልጅ የሚወሰደው እንዲባረክ ነው፣ ወይም ቤት የሚተውለት ሰው ስለሌለ።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው በባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው የጅቡቲ መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ በገንዘብ እጦት ቆመ። በአዲስ ውል ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። ዱከም በዚህ መስመር ላይ ከነበሩት ጣቢያዎች አንዷ ናት። ሞጆና አዳማ እንደ ከተማ የተስፋፉት በዚሁ ሐዲድ ነው፤ ዱከም ግን ባቡሩ ቆም ብሎ የሚያልፍባት ትንሽ ቦታ ሆና ቀረች። በእግር ከቀን በላይ ይወስድ የነበረው የቢሾፍቱ ጉዞ ወደ ሰዓታት ወረደ። ለልጅ ደግሞ ባቡሩ ራሱ መዝናኛ ነበር። እንዲያም ሆኖ ባቡር ቤተሰብን ወደ ፈለገበት ሳይሆን ወደ ጣቢያው ነው የሚያደርሰው፣ የመመለሻውንም ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው። ሕፃን የያዘ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ባሻው ጊዜ መቆም መቻልን ነው።

ይህን ያመጣው መኪና ነው። አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት፣ የኤምባሲና የነጋዴ ንብረት ሆኖ ነበር የቆየው፤ የሚነዳበት መንገድም አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ብዙ መንገዶች ተሠሩ፤ ከነጻነት በኋላ ግን በጥገና እጦት ፈራረሱ። ዓለም ባንክ በመስከረም 1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድርና 2 ሚሊዮን ዶላር የልማት ባንክ ብድር ፈቀደ። ባንኩ ለአፍሪካ ሀገር ሲያበድር ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት ሰዉ «አውራ ጎዳና» እያለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሲያልቅ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ሰው የሚያየው አዲስ ሐይቅ አገኘ። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ የበቀለ ሞላ ሆቴሎች ተከፈቱ። ከከተማ ወጣ ብሎ አድሮ መመለስ ደመወዝተኛውም የሚያስበው ነገር የሆነው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው።

የዚያ ዘመን የቤተሰብ መኪና ቮልስ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ከፊት፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፊት፣ ሦስት አራት ልጆች ኋላ። ከሁሉም ትንሹ ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ ይታጠፍና ሞተሩ እየሞቀው፣ ድምፁ እያባባለው ይተኛል። የልጅ ቀበቶ ቀርቶ የአዋቂውም በሌለበት ዘመን ይህ ማንንም አያስደነግጥም ነበር፤ ዛሬ ሲታሰብ ግን ይዘገንናል። የተረፈው ዕቃ ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላው ላይ ይታሰራል። ቮልስ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውሃ አያፈላም። ሌሎቹ መኪኖች ግን ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሰባት መቶ ሜትር ገደማ ሽቅብ ስለሚወጡ፣ በየመንገዱ ዳር ኮፈናቸውን ከፍተው ሲተነፍሱ ይታዩ ነበር። ልጆቹ ለመሽናት የሚወርዱትም እዚያው ነው።

ዱከምን የሥጋ ከተማ ያደረጋት ግን የቤተሰቡ መኪና ብቻ አይደለም። ከአሰብ ወደብ ጭነትና ነዳጅ ይዘው በሚሌና በአዋሽ ይመጡ የነበሩት ከባድ መኪኖች አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት የሚያገኟት ማረፊያ ነበረች። ሹፌርና ረዳት ደግሞ ብዙ ይበላሉ፣ ጥሩውን ያውቃሉ። ሥጋ ቤቶቹ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት፣ በሬውም ከመስኮቱ አጠገብ የሚሰቀለው መንገደኛ ከመኪናው ሳይወርድ እንዲያየው ነው። አበላሉ እስካሁን ብዙም አልተለወጠም። አባወራው መስኮቱ ጋ ይቆማል፤ ቆራጩ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ቢላውን ይስላል። «ከሻኛው ጣል አርግ፣ ከታናሹም» ይባላል፤ ጎድን፣ ሽንጥ፣ ታላቅ እያሉ የሚመርጡም አሉ። ሥጋው በኪሎ ይመዘናል። ጥሬው በትሪ ከቢላዋ፣ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር ይመጣል፤ የሚጠበሰው ደግሞ ወደ ማድ ቤት ይላካል። የልጆቹ ቃሪያ ሳይገባበት ለብቻው ነው የሚጠበሰው። ለልጅ ጥሬ የማይሰጠው ለርኅራኄ ብቻ ሳይሆን በኮሶ ትል ምክንያት ነው። አዋቂው በየጊዜው ኮሶ እየጠጣ ይሽር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ያንን መራራ መድኃኒት ልጅ ላይ ማንቆርቆር ግን ለወላጅም ቅጣት ነው።

በደርግ ዘመን ልማዱ ተቀዛቀዘ። ነዳጅ በኩፖን ሆነ፤ በየኬላው ፍተሻና ጥያቄ በዛ። የግል መኪና ያለው ሰው ሊትሩን ለሥራ ቀን ያስቀምጥ ጀመር። ያልተቋረጠው አሮጌው ጉዞ ነበር። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም በአውቶቡስ የሚሄደው ሕዝብ በዚሁ አስፋልት ያልፋል። ከመካከሉ በስለት የተወለደ ሕፃን ታቦቱ ፊት ክርስትና ለማስነሳት ይዞ የሚጓዝ ብዙ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መኪና በዛ፣ ሚኒባስ በዛ፣ በመንገዱ ዳር ፋብሪካም በዛ። በዱከም የቻይና ባለሀብቶች የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞንን አቋቋሙ፤ ሁዋጂየን የተባለው የጫማ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. እዚያ ማምረት ጀመረ። የጅቡቲ ጭነት የሚተላለፍበት አሮጌው ባለ ሁለት መስመር አስፋልት ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው የሚሳቀቅበት ሆነ፤ ከባድ መኪና ለመቅደም የሚወጣ አንድ የቸኮለ ሹፌር የብዙ ሰው ሕይወት ይዞ ይሄዳል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት ይህ ጭንቀት ቀለለ። ባለ ስድስት መስመር፣ የታጠረ፣ በክፍያ የሚገባበት ነው፤ ከብትም እግረኛም ባጃጅም አይገባበትም። ከከተሞቹ ውጭ ስለሚያልፍ ግን ቆሎ ሻጭ፣ ሥጋ ቤትና የልጅ «ልውረድ» የሚሰማበት ቦታ የለውም። በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ዱከም ላይ አይቆምም፤ ከእንዶዴ ቀጥሎ ያለው ጣቢያው ቢሾፍቱ ነው።

አዳማ የሚሄድ ሰው ዛሬ ዱከምን ሳያያት ሊያልፍ ይችላል። የተገላቢጦሽ፣ ዱከም የሚሄድ ሰው በዛ፤ ማረፊያ የነበረችው መድረሻ ሆነች። ምክንያቱ ከርቀቱ ሳይሆን አይቀርም። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከአዲስ አበባ ዳርቻ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ይህም የሦስት ዓመት ልጅ «ደረስን?» ማለት ሳይበዛበት የሚታገሥበት ጊዜ ነው። ሥጋ ቤቶቹም ይህን ስለተረዱ ይመስላል፣ ግቢያቸው ውስጥ ዥዋዥዌና ሸርተቴ የተከሉ አሉ። ጥብሱ እስኪመጣ ልጆቹ እዚያ ይጫወታሉ፤ እናት ከርቀት እየጠራች አንድ ጉርሻ ታጎርሳቸዋለች፣ እነሱም እያላመጡ ተመልሰው ይሮጣሉ።

ገበያው ግን የጾም ቀን መቁጠሪያ ይከተላል። ረቡዕና ዓርብ ይቀዘቅዛል፤ በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ከሥጋ ቤቶቹ አንዳንዱ መስኮቱን ይዘጋል፣ የቀረውም በየዓይነቱና ሽሮ ያቀርባል። ያኔ ቆራጮቹ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ፤ ሸርተቴውም ፋሲካ እስኪደርስ አቧራ ይለብሳል።