የንግድ ሕግ ጠበቃ፦ የሙያው መንገድ፣ የሥራው ድርሻና ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የንግድ ሕግ ጠበቃ በሕግ ትምህርት ሠልጥኖና የጥብቅና ፈቃድ አውጥቶ ለነጋዴዎች፣ ለባለሀብቶችና ለንግድ ማኅበራት የምክር፣ የሰነድ ዝግጅትና የክርክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ ነው። ብዙ ተገልጋዮች ወደ ጠበቃ የሚሄዱት መጥሪያ ከደረሳቸው በኋላ ነው። ይሁን እንጂ በንግድ ጉዳይ የጠበቃ ዋነኛ ጥቅም የሚገኘው ውል ከመፈረሙና ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው። ይህ መረጃ በተለይ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ በሆቴል፣ በጀልባ ትራንስፖርት፣ በዓሣ ምርትና በኢንዱስትሪ የተሠማሩ ወይም ለመሠማራት ያቀዱ ተገልጋዮችን ታሳቢ ያደረገ ነው።

ትምህርትና ፈቃድ

በአገራችን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሕግ ፋኩልቲ የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ተቋማት የሕግ ባለሙያዎችን ያሠለጥናሉ። ሆኖም የሕግ ዲግሪ ብቻውን ለጥብቅና አያበቃም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም በፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተመለከቱትን የትምህርት፣ የሥራ ልምድና የፈተና መስፈርቶች ማሟላት ያስፈልጋል። በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለሚሰጥ አገልግሎት ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው። ይኸው የፌዴራል አዋጅ ጠበቆች በግል ከመሥራት በተጨማሪ ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል።

«የንግድ ሕግ ጠበቃ» የሚለው ስያሜ ራሱን የቻለ የፈቃድ ዓይነት አይደለም። ብቃቱ የሚገኘው በተጨማሪ ትምህርትና በዘርፉ በተካበተ የሥራ ልምድ ነው። ስለሆነም ተገልጋዩ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ጠበቃው በምን ዓይነት ጉዳዮች ላይ ሲሠራ እንደቆየም ሊጠይቅ ይገባል።

የጠበቃው የሥራ ድርሻ

1. የንግድ ማኅበር ምሥረታ። በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሰባት ዓይነት የንግድ ማኅበራት ታውቀዋል። በኅብረት ሽርክና ማኅበር አባላቱ ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረታቸው ጭምር ተጠያቂ ሲሆኑ፣ ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ግን ተጠያቂነታቸው በመርሕ ደረጃ ካዋጡት መዋጮ አያልፍም። አዋጁ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁምም ፈቅዷል። የዓሣ አጥማጆችና መሰል የኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን የሚተዳደሩት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ስለሆነ ከንግድ ማኅበር ጋር ሊምታቱ አይገባም።

ለአብነት ሁለት ዘመዳሞች በሐይቁ ዳርቻ ሎጅ ለመክፈት ቢስማሙና አንዱ የሊዝ ይዞታውን፣ ሌላው ገንዘቡን ቢያዋጣ፣ ስምምነቱም በቃል ብቻ ቢቀር፣ ከመካከላቸው አንዱ በሞት ሲለይ ለማን ምን ያህል ድርሻ እንደሚገባ ማስረዳት እጅግ አዳጋች ይሆናል። ይዞታው በአንደኛው ስም፣ የባንክ ብድሩም በሌላኛው ስም በመሆኑ ጉዳቱ ለወራሾች ይተርፋል። በአግባቡ የተዘጋጀና በንግድ መዝገብ የተመዘገበ የመመሥረቻ ጽሑፍ ይህን ችግር አስቀድሞ ሊያስቀር ይችላል።

2. ውልና ውክልና። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከቱ ውሎች በጽሑፍ እንዲሆኑና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረጉ ያዛል። በውክልና በኩልም በስፋት የሚታይ የግንዛቤ ክፍተት አለ። በቁጥር 2204 እና 2205 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ ወይም በፍርድ ቤት ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በውጭ አገር የሚኖሩና በባሕር ዳር ንብረታቸውን በዘመድ አማካይነት የሚያስተዳድሩ ወገኖች ይህን ነጥብ በጥብቅ ሊያጤኑት ይገባል።

3. ይዞታና አካባቢ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለሆነም ጠበቃው የሊዝ ውሉን፣ የቀሪ ክፍያውን መጠንና የግንባታ ግዴታውን መርምሮ ያስረዳል። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በመመዝገቡ፣ በዳርቻው የሚታቀድ ፕሮጀክት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚጠይቅ መሆኑን አስቀድሞ ማጣራትም የምክሩ አካል ነው።

4. የክርክር አፈታት። ተዋዋዮች አለመግባባትን በግልግል ለመጨረስ አስቀድመው በውላቸው ሊስማሙ ይችላሉ። ይሁንና በግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት የግብር፣ የኪሳራ ውሳኔ፣ እንዲሁም የመሬትና የሊዝ ጉዳዮች በግልግል አይታዩም።

ጉዳዩ የሚታይበት ፍርድ ቤት

በባሕር ዳር የሚነሳ የንግድ ክርክር በፌዴራል የዳኝነት ሥልጣን ሥር ቢወድቅም ተከራካሪው የግድ አዲስ አበባ አይሄድም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን፣ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው ይሠራሉ። ስለዚህ ክስ ከመቅረቡ በፊት ሥልጣን ያለውን ፍርድ ቤት መለየት የጠበቃው ተቀዳሚ ተግባር ነው፤ ክሱ ሥልጣን ለሌለው ችሎት ከቀረበ ተገልጋዩ ለተጨማሪ ጊዜና ወጪ ይዳረጋል።

ጠበቃ ሲመረጥ

ተገልጋዮች የሚከተሉትን እንዲያረጋግጡ ይመከራል፦

• ፈቃዱ የታደሰ መሆኑንና የትኞቹን ፍርድ ቤቶች እንደሚሸፍን፤
• ጠበቃው የተቃራኒው ወገን አማካሪ አለመሆኑን፤
• የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ክፍያውና የክፍያው ጊዜ በጽሑፍ ውል መስፈሩን፤
• ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ መሰጠቱን።

ለመጀመሪያው ምክክር የንግድ ፈቃድ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የተፈረሙ ውሎች፣ የባንክ ሰነዶችና የደብዳቤ ልውውጦች በቅጂ ቢቀርቡ ሥራው ይቀላጠፋል፤ ዋና ሰነዶች ግን በባለቤቱ እጅ ሊቆዩ ይገባል። ጠበቃ የደንበኛውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት፣ ተገልጋዩ ዕዳውንም ሆነ የቀደመ ስምምነቱን ሳይሸሽግ ማስረዳቱ ለራሱ ይጠቅመዋል።

የሥነ ምግባር ጥሰት ያጋጠመው ተገልጋይ አቤቱታውን በማስረጃ አስደግፎ የጥብቅና ፈቃዱን ለሰጠው አካል ማቅረብ ይችላል።