የመምህሩ ማስታወሻ የማን ነው?

በአገራችን የቅጂ መብት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ሁሉ ስለ ዘፈንና ስለ ፊልም ይሆናል። መምህሩ እያመሸ ስለሚያዘጋጀው ማስታወሻ የሚሟገት ግን አላጋጠመኝም።

በቀደመው የቤተ ክህነት ትምህርት መገልበጥ ክብር እንጂ ነውር አልነበረም። በብራናው መጨረሻ ለጻፈው፣ ላስጻፈውና ለሚያነበው ምሕረት ይለመን ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰት ባለቤትነትን ደነገገ። ሆኖም ሕጉ በመዝገብ ቤት፣ ትምህርት ቤቱ በስቴንስል ኖሩ። እኔ በተማርሁበት ዘመን አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ነበርና፣ እውነተኛው መጽሐፋችን መምህሩ ቀለም በነካው እጁ የሚያድለን ወረቀት ነበር። ያንን ወረቀት ለባልደረባው ቢያውስ ሌባ የሚለው አልነበረም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ለመምህሩ አንድ በጎ ነገር ይዞ መጣ። የታተመን ሥራ ለማስተማር ሲባል በተገቢው መጠን ማባዛትን የመብቱ ባለቤት ሊከለክል አይችልም፤ ምንጩና የደራሲው ስም ግን በተቻለ መጠን ይጠቀስ ይላል። መልካም። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ወረድ ብሎ፣ ተቀጣሪ በሥራው ያመነጨው ድርሰት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው ይላል። እንግዲህ የሌላውን ገጽ እንዲቀዳ የተፈቀደለት መምህር፣ የገዛ ማስታወሻውን ለማካፈል ባለቤትነቱ ያጠራጥራል ማለት ነው! በቤቱ፣ በገዛ ወረቀቱ፣ ልጆቹን አስተኝቶ የጻፈው «በሥራው» ይባላልን? እኔ አይባልም ባይ ነኝ፤ አሠሪው ግን ይባላል ቢል የሚይዘው ሐረግ አለው። ለመምህሩ በእርግጠኝነት የሚቀረው የሞራል መብቱ፣ ማለትም ደራሲነቱ እንዲታወቅለት መጠየቅ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት ሲገባ፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይንቆረቆር ነበር፤ መምህሩም የጥቂት ደቂቃ አስተዋዋቂ ሆነ። (ለዚያ የወጣው ገንዘብ ስንት ስቴንስል በገዛ!) ተማሪው ያልገባውን የተረዳው በዚያችው ሐንድአውት ነው። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉም ማስታወሻዎቹ በቴሌግራም ተሠራጩ። ስማቸው ተቆርጦ የዞሩ ብዙ ናቸው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በገጽ ያስከፍልባቸዋል፣ ጸሐፊው ግን ምስጋና እንኳ አያገኝም።

አዋጁ ራሱ ለስምምነት በር ከፍቷል። ትምህርት ቢሮዎችና የግል ትምህርት ቤቶች በቅጥር ውሉ ላይ አንዲት መስመር ይጨምሩ፦ መምህሩ ያዘጋጀው ጽሑፍ የመምህሩ ነው፣ ለባልደረቦቹም ያለ ፈቃድ ጥያቄ ያካፍላል።